የድንጋይ ድርሻ

«...ደግሞም ጌታ ሆይ፣ የባሪያህን የኤርካሎን ቤት ስላልረሳህ እናመሰግንሃለን» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ጩማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አዳሪው ትምህርት ቤት የልጅ ልጁን ሶልያናን ስለተቀበለልን፣ በአያቷ ድርሻ ስለምትገባ፣ ስምህ ይባረክ!»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ በሙሉ።

ፋንታዬም አለች። ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከሰው ጋር «አሜን» ካለች በኋላ ነው የተባለው ነገር የገባት። ዓይኗን ስትገልጥ ጋሽ ጩማ ወደ ሌላ ልመና ተሻግረዋል፤ ለታመሙት፣ ለመንገደኞች፣ ለዝናቡ። ወንድሟ ሚልክያስ ከወንዶቹ መደዳ ሆኖ በአንድ ዓይኑ ያያታል። ጸሎት ላይ አንድ ዓይኑን የሚገልጥ ሰው መቼም ነገር አለው።

በሶዶ ማስታወቂያን በጸሎት መሀል መናገር የጋሽ ጩማ ፈጠራ አይደለም። የጠፋ ላም፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚዋጣ እንጨት፣ ከሆስፒታል የወጣ ሰው፣ ሁሉም ለእግዚአብሔር እንደ አዲስ ወሬ ይነገረዋል፤ የሚሰማው ግን ሰው ነው። ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ስብሰባ ቢሆን እጁን አውጥቶ የሚከራከር አይጠፋም፤ ጸሎትን ግን «ቆይ እስቲ» ብሎ የሚያቋርጥ ማን ነው? አሜን ከተባለ አለቀ።

ድንኳኑ የተተከለው ለፋንታዬ አባት ለጋሽ ኤርካሎ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው በበሽታ ተዳክመው አረፉ፤ ትናንት ቀበሯቸው። ፋንታዬ የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ሻንቶ በምትባል ትንሽ ከተማ ገበያ ዳር ባልዲውን፣ ጆጎውን፣ ሳፋውን ደርድራ ትነግዳለች። ሶልያናን ብቻዋን ነው ያሳደገችው፤ ልጅቷ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች።

አዳሪው የሚባለው ትምህርት ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለው ነው። ከየወረዳው ተፈትነው ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡት ጥቂት ናቸው፤ የገባ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አይቀርበትም። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ያለው ቤት ክረምቱን የሚያሳልፈው ልቡን አንጠልጥሎ ነው። ከወንበሮቹ ጥቂቱ ግን በፈተና አይገኝም። ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ማኅበር መሥርተው ከተራራው ድንጋይ በጀርባቸው ያወረዱ ሰዎች ነበሩ፤ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ወንበር ተተወላቸው። ሰው «የድንጋይ ድርሻ» ይለዋል። ጋሽ ኤርካሎም በጎረምሳነታቸው ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። በዓመቱ የድርሻው ባለቤት ከጠፋ፣ ወንበሩ በፈተና ተራ ለሚጠብቀው ልጅ ይሻገራል።

ጸሎቱ አብቅቶ ሰው መንሾካሾክ ሲጀምር ሚልክያስ መጥቶ ከፍራሿ አጠገብ ቁጢጥ አለ። መሐንዲስ ነው፤ ኑሮው ሐዋሳ ነው፤ የአዳሪው የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበርም እሱ ነው።

«ቀድሜ ያልነገርኩሽ ድንገት ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው ፋንቱ» አላት።

«አንተ ነህ የጠየቅካቸው?»

«ጋሽ ጩማና የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ናቸው እንጂ። ቀብር ላይ ‹የጋሽ ኤርካሎን ስም በምን እናክብር?› አሉኝ። አንድ የድንጋይ ድርሻ ባለቤት አጥቶ ተቀምጧል። የልጅ ልጁ አለች አልኳቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለአንቺ ያልሆነው ለልጅሽ ይሁን።»

ደስ አላት። ይህ የሚደበቅ አይደለም። አባቷ በተቀበሩ ማግስት፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ በተቀመጠችበት የሐዘን ፍራሽ ላይ፣ ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች። ሶልያና ከሴቶቹ ጀርባ ቆማ ነበር። እናቷ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ልጅቷ ለቅሶ ቤት መሆኑን አስታውሳ ፈገግታዋን በእጇ ሸፈነች።

ፋንታዬ በሶልያና ዕድሜ ሳለች አባቷ በአዳሪው ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪ የሚመርጠው ኮሚቴ አባልም ነበሩ። ውጤት የተወሰነ ዕለት ከበር ላይ ጠብቃ ተቀበለቻቸው። ክረምት ነው፤ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል። ቀና ብለው ሳያዩዋት ጭቃውን በደረጃው ጠርዝ እየፋቁ፣ «ትንሽ ጎደለሽ» አሏት።

«ድርሻችንስ አባ? ድንጋይ ተሸክመህ የለም እንዴ?»

«የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የተፈተንሽው አንቺ ነሽ።»

ገብተው ተቀመጡ፤ ራትም ቀርቦላቸው አልበሉም፤ እሷ ግን ያን ጊዜ የሰው ራት የምታይበት ዓይን አልነበራትም። እንደ ጎረቤት ልጆች ሁሉ ከተማው ትምህርት ቤት ገባች። ክፍሉ ከመሙላቱ የተነሳ የዘገየ በመስኮት ደፍ ላይ ተቀምጦ ይማራል። ማትሪክ አልመጣላትም። ሱቁን ከፈተች።

ይኸው ብቻ ቢሆን ይረሳ ነበር። ሰው ስንቱን ይረሳል! ግን ከዓመታት በኋላ የሚልክያስ ተራ ደረሰ። ሚልክያስ ከእሷ በባሰ ጎደለው፤ ገባም። በድንጋይ ድርሻ ገባ። ያን ጊዜ ፋንታዬ አንድ ነገር በልቧ አሰረች፤ ሕጉ ለሴት ልጅ ነው፣ አባትነቱ ለወንድ ልጅ። አባቷን ሰድባ አታውቅም፤ አኩርፋም ከቤት አልቀረችም። ከሻንቶ ስትመጣ ስኳርና ሳሙና ይዛ ትመጣለች፤ ሲታመሙ አጥባ አገላብጣቸዋለች። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ መጫወት ግን አልቻለችም። እሳቸውም አልጠየቋትም። እንዲህ ሆነው አንዳቸው ሞቱ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ጋሽ ወልደመስቀል በዱላቸው እየተመሩ ገቡ። አባታቸው ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ የጋሽ ኤርካሎ ባልደረባ ሆነው በአዳሪው ኬሚስትሪ ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ጎረቤቱ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በሚልበት ድንኳን ውስጥ እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸውና ጮክ ብለው «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ማንም ቅር አላለውም፤ ከጋሽ ኤርካሎ ጋር በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ነው ያረጁት። ፋንታዬ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። ንፍሮ ወደ መዳፋቸው ቆንጠር አደረጉ።

«የልጅሽን ነገር ሰማሁ» አሉ።

«አዎ ጋሼ። በአባባ ስም ሆነ።»

«ይሁን። ሕጉ ይፈቅዳል።» ንፍሮውን ከመዳፋቸው አራገፉ። «ያን ጊዜ ስምሽ ሲነሳ እኔም ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ፤ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም ነበር።

«‹ይህች ልጄ ናት፤ ድርሻዬን አልጠይቅም› ብሎ ወጣ። ስብሰባው እስኪያልቅ በዝናቡ ግቢውን ሲዞር በመስኮት አየው ነበር። ጃንጥላም አልያዘ። እኔ፣ ‹ይሄ ሰው ልቡ ከምንድን ነው?› አልኩ በሆዴ። ክፉም ደግም መሰለኝ።»

«የሚልክያስ ጊዜስ?» አለች ፋንታዬ። ጥያቄው ሳታስበው ነው ያመለጣት።

ሽማግሌው ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እናታችሁ አልጋ ላይ ነበረች። ‹ልጄን እዚያ ግቢ ገብቶ ሳላየው እንዳልሞት› አለችው መሰለኝ። መጣ። እኛ ተቀምጠናል፤ ወንበር ስንሰጠው እንቢ አለ፤ ቆሞ ነው የለመነን። ኤርካሎ! ለራሱ ጨው የማይለምን ሰው! ‹ድርሻዬን ስጡኝ› ሲል ድምፁን እኔ ነኝ ያለ ወዳጁ አይለየውም። በዚያው ወር አዳሪውን ለቀቀ። እናንተ ለእናታችሁ ሕመም ብሎ ከተማ የተዛወረ መስሏችኋል። አይደለም። ከዚያ ወዲያ ያን ግቢ ረግጦት አያውቅም። ‹ወልዴ፣ ከተራው ያወጣሁትን ልጅ መንገድ ላይ እንዳላገኘው እፈራለሁ› ይለኝ ነበር።»

ፋንታዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ውስጡ ገባች። ሰዉ ለአባቷ የምታለቅስ መሰለው፤ ለአባቷም ነበር። ግን ከሐዘኑ ሥር ሌላ ነገር ነበር። ይህን ያህል ዘመን ግንብ ነው ብላ የተቀየመችው ሰው ለካ አንዴ ተሰብሯል። ተሰብሮ ቆሞ ለምኗል። ምነው ለእኔ በሆነ! ምነው የተሰበረው ለእኔ በሆነ፤ ከዚያ ወንበሩ ቢቀር ይቅር! እንዲህ ነበር የምትለው፣ በነጠላው ውስጥ፣ ድምፅ ሳታሰማ።

«ጠጪ እህቴ፣ ጉሮሮሽ ይደርቃል።»

አስካለች ናት። ከአጥሩ ወዲያ የምትኖር ጎረቤት፣ ከመርዶው ጀምሮ ከጓሮው እሳት ያልተለየች ሴት። ሀይታ ቱኬ ይዛ ጎንበስ ብላለች፤ ቅመምና ሚጥሚጣ ገብቶበት የተፈላ የቡና ቅጠል ነው፣ ለቅሶ ቤት ለደከመው ሁሉ የሚቀዳ። ፋንታዬ ሲኒውን ተቀበለች። አስካለች ግን አልሄደችም። ዙሪያዋን አየት አድርጋ ወደ ጆሮዋ ተጠጋችና፣

«እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት በሹክሹክታ። «ለቅሶ ቤት አይባልም፤ ግን እኔ ሳልል ብቀር ሌላ ይመስልብኛል።»

ፋንታዬ የአስካለችን ፊት ስታይ ነው ትዝ ያላት። ቤዚ! የአስካለች ልጅ ቤዚ። ከሶልያና ጋር የተፈተነች፣ ከእሷም የበለጠች፣ የመጨረሻዋን ወንበር ለጥቂት የሳተች። ከድንጋይ ድርሻ አንድ ቢተርፍ ቀጥሎ የምትጠራው እሷ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አስካለች ፍራሽና ብርድ ልብስ ለመግዛት ከወዲህ ከወዲያ ስትል የከረመችው ለዚሁ ነበር። ፋንታዬ ይህን ታውቅ ነበር። ሐዘኑም ደስታውም ባንድ ላይ ሲመጣባት ረሳችው እንበል። ወይም መርሳት አማራት።

«ቤዚስ?» አለቻት።

«እግዚአብሔር ያውቃል። ከተማውም ትምህርት ቤት ነው።» አስካለች ሲኒዎቹን በትሪው ላይ አስተካከለች። «እኔም እኮ አሜን ብያለሁ። ከጓሮ ቆሜ... ምን ልበል? ጋሽ ኤርካሎ ለኔ ልጅ ሒሳብ በነፃ ነው ያስተማረው። በእሱ ለቅሶ ላይ ፊቴን አላጠቁርም።»

ትሪውን አንስታ ወደ ቀጣዩ መደዳ ሄደች። «ጠጡ አባቶቼ፣ ጠጡ» ስትል ድምፅዋ ደህና ነበር። ፋንታዬ በእጇ ያለውን መጠጣት አቃታት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ድንኳኑ ከመሙላቱ በፊት፣ ሚልክያስን ወደ ጓዳ ጠራችው።

«ወንበሩ የቤዚ ነው» አለችው።

«የማን? የጎረቤቷ ልጅ?» ሚልክያስ ግንባሩን ቋጠረ። «ፋንቱ፣ የሰረቅነው ነገር የለም። መብታችን ነው። አባ ድንጋይ ተሸክሟል።»

«የአስካለች አባት አልተሸከመም?»

«ማኅበሩ ውስጥ አልነበረም።»

«መዋጮ ስላልነበረው ነው ማኅበር ያልገባው። ጀርባው ግን ነበር። በዚያ ዘመን ከዳሞታ ድንጋይ ያላወረደ የሶዶ ሰው ማን ነው?»

«እንግዲያ ለሁሉም ይሰጥ በያ! አንድ ግቢ ለስንቱ ይበቃል? እኛ የቀድሞ ተማሪዎቹ ባናዋጣ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ሰው ለማያውቀው ልጅ አይሰጥም፤ ለቤቱ ነው የሚሰጠው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ።» ከዚያ ቁጣው በረደና እንደ ድሮው እንደ ትንሽ ወንድም አያት። «እኔ ስገባ አንቺ ውጭ ቀረሽ። ይህን የማላውቅ ይመስልሻል? አንድ ጊዜ እንኳ ልካስሽ ፍቀጂልኝ። ደግሞ ጋሽ ጩማ በሰው ፊት፣ በጸሎት ነው የሰጡሽ። አሜን ብለሻል። አሁን እምቢ ብትዪ ሽማግሌውን ማዋረድ ነው።»

ሚልክያስ ልክ ነበር፤ ቢያንስ ስለ አሜኑ ልክ ነበር። ለሰው የተሰጠ ቃል ይቅርታ ተጠይቆ ይመለሳል፤ በጸሎት የተሰጠውን ግን በምን አፍ ይመልሱታል? ጋሽ ጩማም ክፉ አላሰቡም፤ ለሟች ወዳጃቸው ያላቸውን ሁሉ መስጠታቸው ነው።

ሶልያና በጓሮው ልብስ ስታሰጣ አየቻት። ልጅቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷ የሆነ ነገር ታወራለች፤ ምናልባት የምታድርበትን ክፍል እያሰበች ነው። ፋንታዬ ቀድማ ልትነግራት ሁለቴ ተነሳች፤ ሁለቴም ተመልሳ ተቀመጠች። ያን ፊት ቀርባ ብታየው አፏ እንደሚከዳት አወቀች። ስለዚህ አልነገረቻትም፤ ይህም ጥፋት ነበር።

የመጨረሻው ቀን ነውና ድንኳኑ ሞልቶ ሰው እስከ አስፋልቱ ዳር ተቀምጧል። መዘምራኑ ዘመሩ፤ ቃል ተነገረ። ጋሽ ጩማ ለመዝጊያው ጸሎት ሲነሱ ፋንታዬ ከፍራሹ ላይ ተነሳች።

«ጋሽ ጩማ፣ ዛሬ እኔ ልጸልይ።»

ሽማግሌው ደስ አላቸው። «የሟቹ ልጅ መጸለይ ይፈልጋል፤ እንነሳ!» አሉ፤ አማርኛው ሲያቻኩላቸው ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጋሉ። ሰዉ ተነስቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«አባት ሆይ» አለች። የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አባት ሆይ፣ በሐዘናችን ላልተለዩን ሁሉ ዋጋቸውን ክፈል። ጋሽ ጩማን ባርክልን፤ ከፍቅሩ የተነሳ ለልጄ ወንበር ሰጠን። ወንድሜን ባርክ፤ እኔን ለመካስ ደክሟል። ስጦታውን አሜን ብዬ ተቀብያለሁ። ተቀብዬ ደግሞ መልሼ በእጅህ ላይ አኖራለሁ። ወንበሩ በፈተና ተራዋን ለያዘችው ልጅ ነው፤ ለጎረቤታችን ለአስካለች ልጅ፣ ለቤዚ።»

ከጓሮው በኩል የሆነ ዕቃ ወደቀ። ፋንታዬ አላቆመችም።

«አባቴ ለእኔ ድርሻውን ሳይጠይቅ ቀረ። በዚህ ተቀይሜው ኖርኩ፤ አንተ ታውቃለህ። ለወንድሜ ጠየቀ፤ በዚህም ተቀየምኩት። እሱ ግን ሁለቱንም ቀን ብቻውን ነው የተሸከመው። አላወቅሁም። አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አልጠየቅሁትም። ጌታ ሆይ፣ አባቴን... አባቴን...»

ከዚህ ወዲያ ቃል ጠፋት። ጸሎት እንዳይሉት በአሜን አልተዘጋም፤ እንዳያቋርጡት ጸሎት ነው። ሚልክያስ ዓይኑን አልጨፈነም። ጋሽ ጩማ አንገታቸውን እንደደፉ ቀሩ።

«አሜን!» አለ አንድ ሻካራ ድምፅ ከኋላ።

ጋሽ ወልደመስቀል ነበሩ። በዚህ ድንኳን ጸሎት ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ዝም የሚሉ፣ የእነሱ ነው ብለው አሜን የማይሉ ሰው። ቀጥሎ ጋሽ ጩማ «አሜን» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ግን አሉ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ተከተለ። ሚልክያስ ብቻ አሜን ሳይል ወጥቶ ወደ መኪናው ሄደ።

አስካለች ልታመሰግናት አልመጣችም። ጓሮ ውስጥ ግንቡን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ነበር። ፋንታዬም አልጠራቻትም፤ ሶልያናን ነበር የምትፈልገው።

ወደ ማታ ላይ የእድሩ ወጣቶች ድንኳኑን ሲያፈርሱ ቤት ውስጥ አገኘቻት። በሐዘኑ ፍራሽ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ፋንታዬ ከጀርባዋ ተቀመጠች። ውጭ ብረቱ ከብረት ሲጋጭ ይሰማል።

«አዬ» አለች ሶልያና ሳትዞር። በቤታቸው ቋንቋ እናቷን መጥራቷ ነው። «ቤዚ የበለጠችኝ በጣም ትንሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«በሰው ሁሉ ፊት! ለእኔ ሳትነግሪኝ!»

«አዎ። ብነግርሽ አልችልም ነበር።»

«አጎቴ በፈተና ነው የገባው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ?»

ፋንታዬ መልስ ፈለገች። ስለ አያቷ ልትነግራት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልመናው ልትነግራት አሰበች፤ ሁሉም እውነት ነበር፤ አንዱም ለዚህች ልጅ መልስ አልነበረም። ያን ዕለት ማታ አባቷ ራት ቀርቦላቸው ያልበሉት ለምን እንደሆነ ገባት። የሚሉት አጥተው ነበር። ልጅ በሩን ዘግቶብህ አንተ ትክክል መሆን፣ ለካ እንዲህ ያለ ብቸኝነት ነው!

«ምንም አላደረግሽም የኔ ልጅ» አለች፤ እጇንም በልጅቷ ጀርባ ላይ አሳረፈች።

ሶልያና ከእጇ ሸሸች፤ ተንፏቅቃ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ፋንታዬ አልተከተለቻትም። እጇን ግን አላነሳችውም፤ ልጅቷ በለቀቀችው ቦታ፣ ገና በሚሞቀው ፍራሽ ላይ፣ መዳፏን ዘርግታ ተወችው።